አምስት ሳጥን

ከዋና ከተማው አዲስ ቅጽ መጣልን፣
አምስት ትንንሽ ሳጥን ተደርድሮ ተሣለልን።
«ሃይማኖት፣ ነፍስ፣ አእምሮ፣ ዘር፣ ንብረት» ይላል፤
«የሸሪዓ ዓላማ እነዚህን መጠበቅ ነው» ሲል ያብራራል።
ድልድይ የሚሠራ፣ ደን የሚቆርጥ፣ አሸዋ የሚያወጣ፣
በየሳጥኑ ምልክት አድርጎ ይምጣ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።
ሃያ ሁለት ዓመት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ማኅተም ስመታ፣
ስለ ነፍስ የጠየቀ ወረቀት አላየሁም ለአፍታ፤
ስለ ቀረጥ እንጂ፣ ስለ ይዞታ ስፋት፣ ስለ ዋስትና።
ኡስታዝ ሐምዳን ታወሱኝ፤ ልጅ ሳለሁ ገና
ከቁርኣን ቤቱ ጓሮ ጀልባ እየጠገኑ፣
«በረመዳን የታመመ ለምን ይበላል?» ይሉን ነበር በየቀኑ።
ዝም ስንል፣ «ሕግ መቅዘፊያ ነው፣ ዳርቻ አይደለም፤
ማዶውን ሳያይ የቀዘፈ ይሽከረከራል እንጂ አይሻገርም።»

የመጀመሪያው አመልካች ዋን ሩስላን ነበር፣
ከወንዙ ሆድ አሸዋ በማሽን ሊቆፍር።
ሃይማኖት? «ለመስጊዱ ጣሪያ ቆርቆሮ እሰጣለሁ።»
ነፍስ? «ለሠራተኛዬ የራስ ቁር እገዛለሁ።»
አእምሮ? «ለትምህርት ቤቱ ሁለት ኮምፒውተር።»
ዘር? «ሥራ ያገኘ ጎረምሳ ያገባል፣ ይወልዳል፤ ይኸው ዘር።»
ንብረት? ሳቀ። «ይሄስ ይጠየቃል?
ኪሴን ብትጠይቂው ከእኔ ይልቅ ያውቃል።»

አምስቱም ሞልቷል።
ማኅተሙን አነሣሁ፤ እጄ አልወርድ አለኝ፣
አየር ላይ ቆሞ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

እዚህ ከላንታን አርብ ሥራ የለም።
ጀልባ ተከራይቼ ሽቅብ ወጣሁ፣
በስምንት ምሰሶ የቆመውን የቶክ ሜላህን ቤት አየሁ፤
አምስቱ መሬት ረግጧል፣ ሦስቱ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤
ላይ በተቆፈረ ቁጥር ታች ዳርቻው ይናዳል።
ልጆች ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት ድልድይ
አንድ እግሩን ወንዝ በልቶታል።

ቶክ ሜላህ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዓሣ እየገለበጠች፣
ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦
«ወረቀቱን ሰምቻለሁ። አንቺ የተማርሽ፣ እስኪ ንገሪኝ፣
ባለፈው ዝናብ የሄደብኝ የባሌ መቃብር
ከየትኛው ሳጥን ይቆጠር?
ከሃይማኖት ነው? ከዘር? ንብረት ነው እንዳልል
አፈር ነው። አፈሩን ግን ሲሸጡት አየሁ፤
ዋጋ አለው ማለት አይደል?»

መልስ አልነበረኝም። ዓሣውን አብሬያት ገለበጥሁ፣
እስኪመሽ።

እሑድ ሥራ ስንገባ አለቃዬ ቱዋን ሃሪዝ ፋይሉን አነሡ፤
«ሙሉ ነው» አሉ፣ «ማኅተሙን ረሱ?»
«ሙሉነቱ ነው ጉድለቱ» አልኳቸው፤
ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው።

ከዚያ ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው፤ ጀግንነት አትበሉት፤
ከአምስቱ ሳጥን በታች፣ ባዶው ኅዳግ ላይ፣
በእርሳስ አንድ ቤት ሣልሁ፣ ስምንት ምሰሶ ያለው፣
ሦስቱ መስመር አልፎ ከወረቀቱ ጠርዝ የተንጠለጠለው።
ሥሩም «ቦታው ይታይ» ብዬ ጻፍሁ፤
ንክ ሱርያኒ ብዬ ፈረምሁ።

ፋይሉ እስካሁን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል።
ዋን ሩስላን በየሳምንቱ ይደውላል።
ቆርቆሮው ቀድሞ መጥቶ መስጊዱ ግቢ ተከምሯል፤
ኢማሙ መምታትም መመለስም አቅቷቸው
በሸራ ሸፍነውታል።

የኅዳር ዝናብ ከባሕሩ በኩል እየመጣ ነው።
ሌሊት ጣሪያዬን ሲደበድበው እነቃለሁ፤
በጨለማ የቶክ ሜላህን ምሰሶዎች
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ እቆጥራለሁ፤
አምስት ላይ ስደርስ
እቆማለሁ።